ከዲሽ ተከላ በኋላ በስፒከር የሚሰማው ጉምጉምታ፦ መነሻው፣ መለያውና መፍትሔው

በጅማ ከተማ፣ በጅሬንና በዙሪያው በሚገኙ የቡና አምራች ከተሞች አዲስ የሳተላይት ዲሽ ያስተከሉ ቤተሰቦች አንዳንድ ጊዜ ያልጠበቁት ችግር ይገጥማቸዋል። ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጣቢያዎቹም ሁሉ ገብተዋል። ነገር ግን ሪሲቨሩ ከድምፅ ማጉያው ጋር ከተገናኘበት ሰዓት ጀምሮ ከስፒከሩ «እምምም» የሚል፣ ከንግግሩም ከዘፈኑም ሥር የማይጠፋ ዝቅተኛ ጉምጉምታ ይሰማል። ሁኔታው ጆሮን ወደ ንብ ቀፎ የማስጠጋት ያህል ነው።

ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚያርፈው በዲሹ ላይ ነው። ባለሙያ ተጠርቶ ዲሹ ይዞራል፤ ኤል ኤን ቢው ይቀየራል፤ ጉምጉምታው ግን አይለቅም። በአንዳንድ ቤት ደግሞ የመሬት ሽቦው ሲነቀል ድምፁ ጸጥ ስለሚል ችግሩ የተፈታ ይመስላል። የመጀመሪያው ርምጃ ገንዘብ ያባክናል፤ ሁለተኛው ግን ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ አንድ ነገር ከመነካቱ በፊት ድምፁ ከየት እንደሚመነጭ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጉምጉምታው ከሳተላይቱ ሊመጣ ይችላልን?

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥርጭቱን በ1957 ዓ.ም. ሲጀምር ምስሉና ድምፁ የሚተላለፉት በአናሎግ ዘዴ ነበር። በዚያ ዘዴ ማዕበሉ ሲዳከም ወይም የቴሌቪዥኑ ማስተካከያ በትክክል ሳይገጥም ሲቀር፣ ምስሉ በረዶ የወረደበት ይመስል ነበር፤ ድምፁም ሹክሹክታና ጩኸት ይቀላቀልበት ነበር። በመሆኑም ድምፅ ሲበላሽ አንቴናን መጠርጠር ለዘመኑ ተገቢ ነበር። ልማዱም እስከ ዛሬ ቆይቷል።

የዛሬው የሳተላይት ሥርጭት ግን ዲጂታል ነው። ኢትዮሳት በሚል ስያሜ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ከሚገኘው ኤንኤስኤስ-12 ሳተላይት የሚተላለፉት የአገር ውስጥ ጣቢያዎችም ሆኑ ከሌሎች ሳተላይቶች የሚገቡት ጣቢያዎች ድምፃቸውን የሚልኩት በቁጥር መልክ ነው። ኤል ኤን ቢው ከሰማይ የተቀበለውን ማዕበል ከ950 እስከ 2150 ሜጋ ኸርዝ ወደሚደርስ ድግግሞሽ አውርዶ በኬብሉ ይልካል፤ ሪሲቨሩም ቁጥሮቹን ፈትቶ መልሶ ድምፅ ያደርጋቸዋል። ማዕበሉ ሲዳከም ቁጥሮቹ ይጎድላሉ፤ ምስሉ ይቆራረጣል ወይም ደርቆ ይቆማል፤ ድምፁም ይቋረጣል። ዲሹ ተዛብቶ ምስሉ ጥርት እንዳለ ድምፁ ላይ ብቻ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ሊጨመር ግን አይችልም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምስሉ ጥሩ ሆኖ ጉምጉምታ ከተሰማ ዲሹን ማዞርም ሆነ ኤል ኤን ቢ መቀየር ፋይዳ የለውም። ጉምጉምታው የሚጨመረው ቁጥሩ ወደ ድምፅ ከተለወጠ በኋላ፣ ማለትም ከሪሲቨሩ የድምፅ መውጫ እስከ ስፒከሩ ባለው መንገድ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የዲሹ ኬብል በሌላ መንገድ ተጠያቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህም ከታች ይብራራል።

የኤሌክትሪክ መስመሩ ድምፅ

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት የሚቀርበው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፣ በአንድ ሰከንድ 50 ጊዜ አቅጣጫውን እየለዋወጠ ይመላለሳል። ከጅማ ብዙም በማይርቀው በግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ኃይል ማመንጫ የሚሽከረከሩት ማሽኖችም ሆኑ ሌሎቹ የአገሪቱ ማመንጫዎች የሚሠሩት በዚሁ በ50 ኸርዝ ምት ነው። ከስፒከሩ የሚወጣው ዝቅተኛ ጉምጉምታ ይኸው ምት፣ ወይም እጥፉ የሆነው 100 ኸርዝ ነው። በሌላ አነጋገር የሚሰማው የኤሌክትሪክ መስመሩ ራሱ ነው፤ መግባት በማይገባው በር ወደ ድምፅ ገመዱ ገብቷል።

ለመግባት ብዙ ኃይል አያስፈልገውም። በቀይና ነጭ የድምፅ ገመድ የሚያልፈው የድምፅ ምልክት በተለምዶ ከ1 ቮልት ብዙም አይርቅም። በዚህ ላይ ጥቂት ሺህኛ ቮልት ቢጨመር ማጉያው ከንግግሩ ጋር አብሮ ያጎላዋል፤ ሌሊት ቤቱ ጸጥ ሲልም ጎልቶ ይሰማል።

ሁለት መሬት፣ አንድ ቀለበት

ከተከላ በኋላ ለሚጀምር ጉምጉምታ ዋነኛው ምክንያት ዕቃዎቹ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ ከመሬት ጋር መያያዛቸው ነው። ለምሳሌ ዲሹ በግቢው ውስጥ በተቀበረ የብረት ምሰሶ ላይ የቆመበትን ቤት እንውሰድ። የኬብሉ የውጭ መረብ ከምሰሶው ጋር ከተነካካ ወይም የመሬት ሽቦ ታስሮለት ከሆነ አንደኛው የመሬት ግንኙነት እርሱ ነው። ድምፅ ማጉያው ደግሞ የመሬት መስመር ባለው ሶኬት ላይ ተሰክቷል፤ ሁለተኛው የመሬት ግንኙነት ይህ ነው። ሪሲቨሩ በመካከላቸው ሆኖ በአንድ በኩል በዲሹ ኬብል፣ በሌላ በኩል በድምፅ ገመድ ሁለቱን ያገናኛቸዋል። በዚህም ከምሰሶው ተነሥቶ በኬብሉ፣ በሪሲቨሩ፣ በድምፅ ገመዱና በማጉያው በኩል ወደ መሬት የሚመለስ ቀለበት ይፈጠራል።

ሁለቱ የመሬት ነጥቦች እኩል ቢሆኑ ኖሮ በቀለበቱ ውስጥ የሚዞር ነገር አይኖርም ነበር። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ እኩል አይደሉም። 3,300 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት መስመር ላይ 15 አምፔር ይወስዳል። ከመንገዱ ምሰሶ እስከ ቆጣሪው በሚደርሰው የኒውትራል ሽቦ ላይ የሁለት አሥረኛ ኦም ተቃውሞ ቢኖር፣ ምጣዱ በሚሠራበት ጊዜ በዚያ ሽቦ ሁለት ጫፎች መካከል 3 ቮልት ልዩነት ይፈጠራል። የቤቱ የመሬት ሽቦ በቆጣሪው አጠገብ ከኒውትራል ጋር በተያያዘበት ቤት ይህ ልዩነት በቤቱ መሬትና በዲሹ ምሰሶ መካከል ይታያል። ጥቂት ሺህኛ ቮልት ለጆሮ የሚበቃ ከሆነ 3 ቮልት ምን ያህል እንደሚበዛ መገመት አያዳግትም።

ጉምጉምታው እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት የሚጨምር ከሆነ ምልክቱ ይህ ነው። በቡና መሰብሰቢያ ወራት በኤሌክትሪክ የሚሠራ መፈልፈያ ወይም ወፍጮ በዚያው መስመር ላይ ሲነሣ የሚጨምር ከሆነም እንዲሁ። የአፈሩ እርጥበት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙን ስለሚለውጥ፣ በበጋ ያልነበረ ጉምጉምታ በክረምት ሊጀምር ወይም በተቃራኒው ሊሆን ይችላል።

የመሬት መስመር የሌለው ሪሲቨር ለምን ይነዝራል?

ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ሁለት እግር ብቻ ባለው ስፒና የሚሰኩ ናቸው፤ የመሬት መስመር የላቸውም። በውስጣቸው ያለው የኃይል አቅርቦት ክፍል ረብሻ ለማጥፋት የተገጠሙ ትናንሽ ካፓሲተሮች ስላሉት፣ ጤነኛ የሆነ ሪሲቨር እንኳ በብረት አካሉና በኬብሉ መረብ ላይ እጅግ አነስተኛ የሆነ ፍሰት ያሳልፋል። ኬብሉን ሲያያይዙ በጣት ላይ የሚሰማው ቀላል ንዝረት ከዚህ የመጣ ነው። ይኸው ፍሰት በድምፅ ገመዱ በኩል መመለሻ ሲፈልግም ጉምጉምታ ያስከትላል።

ቀላሉ ንዝረት በራሱ ብዙም የሚያሠጋ ባይሆንም፣ ጣሪያ ላይ የወጣን ሰው አስደንግጦ ሊጥል ይችላል። ጠንከር ያለ፣ ክንድን የሚያስፈነጥር ንዝረት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ የፌዝ ሽቦ ከዕቃው አካል ወይም ከቆርቆሮው ጋር መነካካቱን ሊያመለክት ይችላል። በዚህ ጊዜ ብሬከሩን አጥፍቶ የኤሌክትሪክ ባለሙያ መጥራት እንጂ ምርመራውን መቀጠል አይገባም።

መነሻውን ደረጃ በደረጃ መለየት

የሚከተሉት ፈተናዎች ምንም መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ሆኖም ማንኛውም ገመድ ከመነቀሉ ወይም ከመሰካቱ በፊት ሪሲቨሩ፣ ቴሌቪዥኑና ማጉያው ጠፍተው ስፒናቸው ከሶኬት መነቀል አለበት። ሪሲቨሩ ለኤል ኤን ቢው በኬብሉ በኩል 13 ወይም 18 ቮልት ስለሚልክ፣ ኬብሉ ኃይል እያለበት ሲፈታ መረቡ የመሐሉን ሽቦ ቢነካ ሪሲቨሩ ሊጎዳ ይችላል።

የመጀመሪያው ፈተና የድምፁን መጠን እስከ መጨረሻው መቀነስ ነው። ጉምጉምታው ሳይቀንስ ከቀጠለ ችግሩ በማጉያው ውስጥ፣ በተለይም በኃይል አቅርቦቱ ላይ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አብሮ ከቀነሰ ግን ወደ ማጉያው ከሚገቡት ገመዶች በአንዱ ይመጣል። በዚህ አጋጣሚ ድምፁ የሚወጣው ከስፒከሩ መሆኑን ማረጋገጥም ይገባል፤ አንዳንድ ጊዜ የሚጮኸው በማጉያው ሣጥን ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ራሱ ነውና።

ሁለተኛው ፈተና ከሪሲቨሩ የሚመጣውን የድምፅ ገመድ ከማጉያው ነቅሎ ማጉያውን ብቻውን ማብራት ነው። ጉምጉምታው ከጠፋ ማጉያው ጤነኛ ነው፤ ፍለጋው ወደ ሪሲቨሩ አቅጣጫ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ፈተና ከሁሉም ይበልጥ ጠቃሚ ነው። የድምፅ ገመዱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የዲሹ ኬብል ግን ከሪሲቨሩ ኋላ ተፈትቶ ይነሣል። ከዚያ ዕቃዎቹ ይበራሉ። በእርግጥ ጣቢያ አይገባም፤ የሚፈለገው ግን ጉምጉምታው መኖር አለመኖሩ ነው። ከጠፋ ቀለበቱ የሚዘጋው በዲሹ ኬብል በኩል ነው ማለት ነው። ካልጠፋ ዲሹ ከጥርጣሬ ነፃ ነው፤ የድምፅ ገመዱ፣ የሶኬቱ አሰካክ ወይም የሪሲቨሩ የኃይል አቅርቦት መፈተሽ አለበት።

አራተኛው ፈተና የድምፅ ገመዱን በሌላ አጭርና ጤነኛ ገመድ መቀየር ነው። ጫፉ የላላ ወይም መረቡ ውስጡ የተበጠሰ ገመድ ኃይለኛ ጉምጉምታ ያመጣል። ገመዱ ሲነካ ድምፁ የሚለዋወጥ ከሆነ መነሻው በአብዛኛው ይኸው ነው።

የድምፁ ዓይነትም ይመራል። ዝቅተኛና ወጥ የሆነው ጉምጉምታ ከመሬት ቀለበት ወይም ከኃይል አቅርቦት ይመጣል። ሹል የሆነ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ብዙውን ጊዜ ከስልክ ቻርጀር፣ ከመብራት ማደብዘዣ ወይም ከሞተር ይነሣል። በየመካከሉ «ትርርር» እያለ መጥቶ የሚሄደው ደግሞ ከማጉያው አጠገብ ከተቀመጠ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሊሆን ይችላል፤ ስልኩን ራቅ ማድረግ ይበቃዋል።

መፍትሔዎቹ

ወጪ ከማይጠይቀው መጀመር ይመከራል። ሪሲቨሩ፣ ቴሌቪዥኑና ማጉያው በተለያዩ የግድግዳ ሶኬቶች ተሰክተው ከሆነ የመሬት መስመር ባለው በአንድ ማከፋፈያ ላይ ማሰባሰብ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ይቀንሳል። ምጣድ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ ግን በዚያ ማከፋፈያ ላይ መሰካት የለባቸውም። የድምፅ ገመዱ ከኃይል ገመዶች ጋር ተጠቅልሎ ከተቀመጠ መለያየት፣ መሻገር የግድ ከሆነም በመስቀል ቅርጽ እንዲሻገሩ ማድረግ ይገባል። ሁለት እግር ብቻ ያለውን የሪሲቨር ስፒና ነቅሎ አገላብጦ መሰካት ጉምጉምታውን የሚቀንስበት ጊዜም አለ።

ማጉያውና ሪሲቨሩ ወይም ቴሌቪዥኑ የኦፕቲካል ድምፅ መውጫና መግቢያ ካላቸው ይህ ገመድ ጥሩ መፍትሔ ነው። ድምፁን የሚያሳልፈው በብርሃን ስለሆነና ብረት ስለሌለው ቀለበቱን ይቆርጠዋል። የኤችዲኤምአይ ገመድ ግን የብረት መረብ ስላለው ቀለበቱን አይቆርጥም። መደበኛውን ቀይና ነጭ ገመድ መጠቀም ግድ ከሆነ በመካከሉ የሚገባ የድምፅ ማግለያ ትራንስፎርመር ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል። በዲሹ ኬብል ላይ የሚገባ ማግለያ ሲገዛ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለተራ አንቴና የተሠራው ዓይነት ለኤል ኤን ቢው የሚላከውን 13 እና 18 ቮልት ስለማያሳልፍ ጣቢያዎቹ በሙሉ ይጠፋሉ።

ዘላቂው መፍትሔ የቤቱን የመሬት ግንኙነት አንድ ማድረግ ነው። የዲሹ ምሰሶና የኬብሉ መረብ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ በወፍራም የመዳብ ሽቦ ከቤቱ ዋና የመሬት ዘንግ ጋር መገናኘት አለባቸው። ለዲሹ ብቻውን ሌላ ዘንግ ተቀብሮ ከሆነም ሁለቱ ዘንጎች በሽቦ መያያዝ ይኖርባቸዋል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት በእጅጉ ሲቀንስ በድምፅ ገመዱ የሚዞረው ፍሰትም አብሮ ይቀንሳል። ይህ ሥራ በቆጣሪው አቅራቢያ የሚሠራ በመሆኑ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚተው ነው።

ጉምጉምታው ከማጉያው ከራሱ ከሆነና በየወሩ እየጎላ ከሄደ የኃይል አቅርቦቱ ካፓሲተሮች ማርጀታቸውን ያመለክታል። ካፓሲተር ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ሣጥኑን ቤት ውስጥ መክፈት አይገባም።

በፀሐይ ኃይል በሚጠቀሙ ቤቶች

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው የገጠር ቀበሌዎች ቴሌቪዥን የሚታየው በፀሐይ ኃይልና በባትሪ ነው። ከባትሪው 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተር ርካሹ ዓይነት ከሆነ የሚሰጠው ማዕበል እንደ መስመሩ ለስላሳ አይደለም፤ ደረጃ ደረጃ የተቆረጠ ነው። ይህም በማጉያው ላይ ሹል ዝዝታ ያመጣል። በ12 ቮልት በቀጥታ የሚሠሩ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር መጠቀም ኢንቨርተሩን ከመንገድ ያወጣዋል፤ ኃይልም ይቆጥባል። ይህ ካልተቻለ ኢንቨርተሩንና ገመዶቹን ከድምፅ ገመዱ ማራቅ ዝዝታውን ሊቀንሰው ይችላል።

የመሬት ሽቦ መንቀል ለምን አደገኛ ሆነ?

የማጉያው የመሬት መስመር ሲቋረጥ ቀለበቱ ስለሚቆረጥ ጉምጉምታው ብዙውን ጊዜ ይጠፋል። ስፒናው ላይ ያለውን የመሬት ንክኪ በፕላስተር መሸፈን፣ ወይም የመሬት መስመር በሌለው ማከፋፈያ መሰካት እንደ ብልሃት የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የመሬት ሽቦው ሥራ ሌላ ነው። በማጉያው ውስጥ አንድ ቀን የፌዝ ሽቦ ተልጦ የብረት ሣጥኑን ቢነካ፣ የመሬት ሽቦው ፍሰቱን ተቀብሎ ብሬከሩ ወዲያው እንዲወድቅ ያደርጋል። ሽቦው ከሌለ ግን ሣጥኑ 220 ቮልት እንደያዘ ይቆያል። በድምፅ ገመዱና በዲሹ ኬብል በኩልም ይኸው ኃይል ወደ ሪሲቨሩና ወደ ዲሹ ሊደርስ ይችላል። በዚያን ጊዜ ፍሰቱን ወደ መሬት የሚያሳልፈው መጀመሪያ የነካው ሰው ነው፤ ምናልባትም ልብስ ለማስጣት ወደ ዲሹ ምሰሶ የተጠጋ የቤተሰብ አባል ወይም ሪሞት ሲፈልግ ገመዱን የጎተተ ሕፃን።

በተመሳሳይ ምክንያት የዲሹን ሽቦ ከኒውትራል ጋር በግምት ማሰርም አይፈቀድም። ኒውትራሉ መንገድ ላይ ቢበጠስ ዲሹና ምሰሶው ኃይል ይሸከማሉ።

የጅማ አካባቢ ዝናብና ነጎድጓድ የሚበዛበት መሆኑም ጉዳዩን ያከብደዋል። ጅሬንን በመሳሰሉ ኮረብታማ ሰፈሮች ከጣሪያ በላይ የቆመ ብረት ለመብረቅ የተጋለጠ ነው። በትክክል የተያያዘ የመሬት ሽቦ በአቅራቢያ ከወደቀ መብረቅ የሚመጣውን ግፊት ወደ መሬት ለማሳለፍ ይረዳል፤ በቀጥታ ዲሹን የመታ መብረቅ ግን ከዚህም በላይ ነው። ስለዚህ ደመናው ሲከብድና ነጎድጓዱ ከመቅረቡ በፊት የዕቃዎቹን ስፒናዎችም የዲሹን ኬብልም ከሪሲቨሩ መንቀል ተገቢ ነው። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ኬብሉን መንካት አይገባም።

ተከላው ከመጠናቀቁ በፊት

አብዛኛው ችግር በተከላው ዕለት ሊወገድ የሚችል ነው። ባለቤቱ ተከላ የሚሠራውን ባለሙያ ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። ኬብሉ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ተጠምጥሞ አልፏልን? ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ዝናቡ እንዲንጠባጠብ ወደ ታች ታጥፏልን? ውጭ ያሉት መገጣጠሚያዎች ውኃ እንዳይገባባቸው ታሽገዋልን? የዲሹ ምሰሶ ከየትኛው መሬት ጋር ተያይዟል? በመጨረሻም ምስሉን ብቻ ሳይሆን ማጉያውም ተገናኝቶ፣ ድምፁ ከፍ ተደርጎ፣ ጣቢያው ለጊዜው ጸጥ ሲል ምን እንደሚሰማ መፈተሽ አለበት።

በሶኬቶቹ ላይ የመሬት መስመር መኖሩን ወይም የመሬት ዘንጉ ጤነኛ መሆኑን የሚያረጋግጠው ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ከመንገዱ ምሰሶ እስከ ቆጣሪው ባለው መስመር ላይ የላላ ወይም የሚፈነጥቅ ሽቦ ከታየ ደግሞ ለአካባቢው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ እንጂ በራስ መነካካት አይገባም። መብራቱ ምጣድ ሲሰካ ደብዘዝ፣ በሌላ ክፍል ደግሞ ቦግ የሚል ከሆነ ኒውትራሉ መላላቱን ስለሚያመለክት ጥቆማው ለነገ የሚባል አይደለም፤ የስፒከሩ ጉምጉምታም በእንዲህ ያለ ቤት የዚሁ ብልሽት ቀዳሚ ምልክት ሊሆን ይችላል።